አርባ አንደኛው መጠይቅ

ከሴንት ጆንስ ወጥቼ፣ ጉሙን እየቀደድኩ፣
ፔቲ ሃርበር መንደር፣ ከባሕሩ ዳር ወረድኩ፤
በብብቴ መጠይቅ፣ በኪሴ ውስጥ ብዕር፣
የሰው ሌሊት ልሰፍር፣ ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር።

በሦስት አህጉር ላይ፣ ከመንደር እስከ መንደር፣
አንድ ቅጽ ይዞራል፣ እንደ እድር ደብተር፤
ጥያቄው ቀላል ነው፣ ፕሮፌሰሯ እንዳለችው፦
እምነት ነው ለፍርሃት መልክን የሚሰጠው?
ወይስ ፍርሃት ቀድሞ እምነትን ወለደው?

አምብሮስ ኪዮ ናቸው፣ ሰማንያ ያለፉ፣
በኮድ ዓሣ ገመድ ሁለት ጣት ያጠፉ።
ሻይ በቆርቆሮ ወተት ቀዱልኝ። ተቀመጥኩ።
«አንድ ‹በጭራሽ› ነው፣ አምስት ‹ብዙ ጊዜ›፣
ይምረጡ» ስል ሣቁ፤ ሣቃቸው ትካዜ።

«ልጄ፣ ያቺ አሮጊት ደረቴ ላይ ወጥታ
ትንፋሼን ስትሰፍር፣ እፍኝ በእፍኝ ለክታ፣
ዓይኔ ክፍት ሆኖ፣ እጄ እንደ ድንጋይ፣
ምላሴ መልሕቅ፣ ተቀብሮ ከባሕር ወለል ላይ፣
የራሰ ካፖርት፣ የዓሣ ጉበት ሽታ…
በቀረኝ ስምንት ጣት ልቁጠራት ወይ ማታ?»

«ዱካክ» አልኩ በሆዴ።
እኛ ቤት ዱካክ ነው፣ መልክ ግን የለውም፣
ክብደት ብቻ እንጂ ካፖርት አይለብስም።
አባቴ ቢላዋ ከትራሴ ሥር ሲያኖር
ማንን ሊወጋበት? ጠይቄው አላውቅም ነበር።
ግን አፌን ያዝኩት፤ ይላል የጥናት ሕጉ፦
ጠያቂ ከመሰከረ ይፈርሳል ወጉ።

እሳቸው ግን ቀጠሉ፣ ጥያቄ ሳልጨምር፦
«ደረት ላይ ጣውላ ነው፣ የተመታ ሚስማር፣
ሹሉ ወደ ላይ፣ ስትቀመጥ እንዲወጋት።
ወይ ደግሞ ዱልሲ፣ ሚስቴ፣ ነፍሷን ይማራት፣
ስሜን ከጭራው ጀምራ፣ ገልብጣ ስትጠራኝ፣
ትንሿ ጣቴ ትላወሳለች፣ አሮጊቷም ትለቀኝ።
አሁን ማን ይገለብጠኛል?»
ዝም አሉ። ጀልባ ከምሰሶ ጋር ተላተመ።
«ያንተስ ስም ማን ነው?»

«ነጋ።»

በጋዜጣ ጠርዝ ላይ፣ በነሱ ፊደል ጻፉት፣
ከቀኝ ወደ ግራ ቀስ ብለው አነበቡት፦
«አጌን። ወይ ጉድ! ‹እንደገና› ማለት'ኮ ነው በኛ፤
ባትጠራ ይሻልሃል፣ ትመጣለች ዳግመኛ!»

በመኪናዬ ስመለስ፣ ብቻዬን፣ በጉሙ ውስጥ፣
በራሴ ፊደል ገለበጥኩት፦ ጋነ።
አንድ «ን» ቢያገኝ ጋኔን ሊሆን ምን ቀረው?
ሬዲዮ ከፈትኩ።

በዚያው ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ በኪራይ ምድር ቤቴ፣
መጣ የማውቀው ክብደት፣ ተደላደለ ከደረቴ።
ግን ምን ነክቶታል? መልክ የለሹ ዱካክ፣
ካፖርት ደርቦ፣ ጫፉ ውኃ እያንጠባጠበ፣
ከአምብሮስ ወጥ ቤት የጉበት ሽታ ተውሶ፣
አይቼው የማላውቀውን የአሮጊት ፊት ለብሶ፣
ተቀምጧል።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስም ብቻ የነበረው
የአንድ ከሰዓት ወሬ እንዲህ አድርጎ አለበሰው።
የፕሮፌሰሯ ጥያቄ፣ እምነት ወይስ ፍርሃት፣
መልሱን ሊነግረኝ መጣ፤ እጅ አጣሁ ልጽፍበት።

የሚጠራኝ አልነበረም፣ በቀናም በግልባጭም።
የቆሻሻ መኪና አለፈ።
አንዲት የባሕር ወፍ ጮኸች።
መስኮቱ ግራጫ ሆነ፤ ከዚያ ትንሿ ጣቴ።

ቢሮ ስገባ፣ አርባ ቅጽ ተሞልቶ፣
አንድ ባዶ ነበር ከሥራቸው ተርፎ።
ለማንም ሳልናገር በሩን ዘጋሁት።
ከአንድ እስከ አምስት ያለውን፣ ሁሉንም ዘለልኩት።
ከላይ፣ መጀመሪያው መስመር፣ «ስም»፦
ነጋ።
ከታች፣ መጨረሻው መስመር፣ «እንዴት አበቃ?»፦
ነጋ።